የገና ዛፍ በጥድ አገር

የገና ዛፍን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርመን ይነሣል። እኔ ከደብረ ብርሃን ብነሣ ይሻለኛል። የዛፉ ወሬ በአውሮፓ መሰማት በጀመረበት ዘመን እዚህ ሸዋ ላይ ስለ ልደትም ስለ ጥድም አብዝተው የሚያስቡ ንጉሥ ነበሩና። ከዚህ በታች የአውሮፓው ዘመን በፈረንጆች፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. እየተባለ በእኛው አቆጣጠር ተጽፏል።

ንጉሡ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። በ1446 ዓ.ም. ገደማ ሌሊት በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት ከተማ ደብረ ብርሃን ተባለች። የሃይማኖት ነገር ከእጃቸው የማይወጣ ንጉሥ ነበሩ፤ የልደትን ምሥጢር የሚያትተው መጽሐፈ ሚላድ የእርሳቸው ድርሰት ነው። የልደት መታሰቢያ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ወር በገባ በ29 እንዲከበር ያጸኑትም እርሳቸው ናቸው። ዛሬም ወር በገባ በ29 በዓለ ወልድ ብለን የምናከብረው ይኸው ነው።

ከዚሁ ንጉሥ ጋር አንድ የጥድ ታሪክ አብሮ ይነገራል። የወጨጫ ተራራ እየተመነጠረ መራቆቱን ሲያዩ አዘኑና ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት ይባላል። ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የመናገሻ ሱባ ደን የምንለው ከዚያ ዘር የበቀለ ነው ማለት ነው። ወፍ ዋሻ እንግዲህ የሰሜን ሸዋ ደን ነው፤ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከታች፣ ውጨናና ጅብራ ከላይ። ከደብረ ብርሃን የመጣ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ወይ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይ ደጋውን ሳይለቅ ወደ መንዝ ይታጠፋል። መዘዞ ያለችው በዚህ በሁለተኛው በኩል ነው። የውጭ አገር ሰው መዘዞን የሚያውቃት፣ ካወቃት፣ ቡናማ በሆነው ኦፓል ድንጋይዋ ነው። ለእኛ ግን የደጋ ከተማ፣ የውርጭ ከተማ ናት። ወፍ ዋሻም ጎረቤቷ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ማለትም በ1441፣ ሁለት ነገሮች በአውሮፓ ሆኑ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኙ። ሌላው በጊዜው ከመጤፍ የሚቆጠር አልነበረም፤ ዛሬ ታሊን በምትባለው የባልቲክ ወደብ የነጋዴዎች ማኅበር ዛፍ ተክሎ ዙሪያውን ጨፈረበት ይላሉ የከተማዪቱ ሰዎች። የሪጋ ሰዎች ደግሞ «የለም፣ መጀመሪያው የእኛ የ1510ሩ ነው» ይላሉ። ሁለቱ ከተሞች እስካሁን ይከራከራሉ። ጠቡ ለጎብኚ ገንዘብ ስለሆነ ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም። የሁለቱም ዛፍ ግን በአደባባይ የቆመ እንጂ ቤት የገባ አልነበረም። ያን ጊዜ ገና የልጆችና የስጦታ ነገር አልመጣም፤ ወንደላጤ ነጋዴዎች ተሰብስበው የሚጨፍሩበት ነበር።

ከዚያ በፊት ያለውን በተረት መዝገብ አስቀምጡት። ቅዱስ ቦኒፋስ በ723 አሕዛብ የሚያመልኩትን የወርካ ያህል ግዙፍ ዛፍ ቆርጦ ከሥሩ ትንሽ ጥድ መሰል ዛፍ በቀለ የሚለው፣ ሉተር በጫካ ሲሄድ በቅርንጫፍ መካከል ከዋክብት አይቶ ሻማ ሰካ የሚለው፣ ሁለቱም ኋላ ላይ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ተረት የተመሠረተበት የዛፍ መቁረጥ እውነት ነው፤ የገና ዛፍ ግን ከዚያ አልወጣም።

የወጣው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከአዳምና ሔዋን ነው። በጀርመን አገር በእነርሱ ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ቀን ነበር። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስለ ገነት ትያትር ይታይ ነበር። ክረምት ስለሆነ ቅጠል ያለው ዛፍ አይገኝም፤ በበረዶ መካከል ለምልሞ የሚገኘው ጥድ መሰሉ ዛፍ ብቻ ስለሆነ እርሱን አቁመው ፖም ይሰቅሉበታል። ያ የውድቀት ዛፍ ነው። በማግሥቱ የልደት በዓል ይሆናል፤ ሔዋን የበላችበትና ማርያም የወለደችበት ሁለት ቀን ጎን ለጎን። ይህን ነገር የእኛ ሰው ሳይገረም ይቀበለዋል፤ በእኛም ትምህርት ልደት የሚተረከው ከአዳም ተነሥቶ ነው። አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጠው፣ አምስት ቀን ተኩሉም 5,500 ዓመት ነው፣ ሲሞላም ጌታ ተወለደ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ጀርመኖቹ ነገሩን በዛፍ ሠሩት፣ የእኛዎቹ በጾም፣ በዜማና በሦስት እሑዶች፤ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ።

አሁን ወደ አልዛስ እንሂድ፤ በፈረንሣይና በጀርመን መካከል ስትጎተት የኖረች አገር። የገና ዛፍን የሚመለከት ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ ከሚባሉት ዋነኛው በዚያ አገር ሴሌስታ በምትባል ከተማ የሒሳብ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ዘመኑ 1521 ነው። መዝገቡ ስለ ደስታም ስለ ጸሎትም አያወራም። ለደን ጠባቂዎች አራት ሺሊንግ ተከፈለ ይላል፤ ከቅዱስ ቶማስ ቀን ጀምሮ ዛፎቹን እንዲጠብቁ። ሕዝቡ ወደ ጫካ እየወጣ ይቆርጥ ስለነበር ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1561 በዚያው አገር አመርሽቪር የምትባል ከተማ ደንብ አወጣች፤ አንድ የከተማዋ ነዋሪ አንድ ዛፍ ብቻ፣ ቁመቱም ከስምንት ጫማ የማይበልጥ። እንግዲህ የዚህ ባህል የመጀመሪያ ሰነዶች የጥበቃ ደመወዝና የመቁረጥ ገደብ ናቸው። የገና ዛፍ የተወለደው ከነክሱ ነው ብል አላጋነንሁም።

በ1605 ደግሞ አንድ መንገደኛ ስትራስቡርግ ላይ ያየውን ጽፎ ተወልን። ሰዎች ዛፉን ወደ ቤት አስገብተው በክፍላቸው ያቆሙታል። በየቅርንጫፉ ከባለ ብዙ ቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ አለ፤ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ወረቀትና ስኳር ይንጠለጠልበታል። ሻማ አላየም። ሻማው ቆይቶ የመጣ ነው፤ በ1708 በፈረንሣይ ቤተ መንግሥት የምትኖር አንዲት ጀርመናዊት ልዕልት ልጅ ሳለች በጀርመን አገር ጠረጴዛ ላይ በቆመ ቁጥቋጦ ጫፍ ሁሉ ሻማ እየተሰካ ይበራ እንደነበር ለልጇ በጻፈችው ደብዳቤ ታስታውሳለች።

በ1640ዎቹ ዳንሃወር የሚባል የስትራስቡርግ ሰባኪ በዚህ ሁሉ ተቆጣ። አሻንጉሊትና ስኳር የሚሰቀልበት ዛፍ ከንቱ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ልጆችን ወደ ክርስቶስ ብታመለክቷቸው ይሻላል አለ። በየዓመቱ በገና ሰሞን የእኛ መምህራን በዐውደ ምሕረት የሚሉትን ሰውዬው ከ380 ዓመት በፊት ብሎት ነበር፤ ያውም ዛፉ በተወለደበት አገር። ማንም አልሰማውም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ዛፉ በፕሮቴስታንቱ ጀርመን ቤት ሁሉ ገባ፤ ካቶሊኩ ከግርግሙና ከእረኞቹ ምስል ጋር ቆይቶ በኋላ እርሱም ተቀላቀለ።

እንዲህ ያለው አገር ልጆች ናቸው በ1831 ዓ.ም. ሰኔ ገደማ ሸዋ የደረሱት። ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላሉ፤ ሁለቱም ጀርመኖች፣ የእንግሊዝ ሚስዮን የላካቸው። ኢዘንበርግ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ሄደና የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አሳተመ። ክራፕፍ ግን እስከ 1834 ዓ.ም. መጋቢት ድረስ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ቆየ። ስለዚህ ሦስት ገና ሸዋ ላይ ውሏል። ዛፍ ለመትከል አስቦ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቅርንጫፍ አልነበረም፤ ከአንኮበር ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው ደን ጥድ ነው። እርሱ ግን የመጣው ቤት ሊያስጌጥ አልነበረም፤ ከካህናቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ይከራከር፣ መጽሐፍ ያድልና ስለ ኦሮሞ አገር ይጠይቅ ነበር።

ከእርሱ ኋላ በ1833 ዓ.ም. ማብቂያ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት መጣ። ከአባላቱ ሁለቱ ጀርመኖች ነበሩ፤ የተፈጥሮ ሊቁ ሮትና የአንኮበርን ተራራ በሥዕል ያስቀረልን በርናትዝ። በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ሣህለ ሥላሴ አንጎለላ ላይ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከማን ጋር? ከንግሥት ቪክቶሪያ። ይህች ንግሥት በዚያው ሰሞን ምን ታደርግ እንደነበር ማወቅ ደስ ይላል። ጀርመናዊ ባሏ ልዑል አልበርት በዊንድሶር ቤተ መንግሥት የአገሩን ዛፍ ሻማ አብርቶ አቁሞላት ነበር። በአንጎለላ የውሉ ቀለም ሳይደርቅ ማለት ነው።

እንግሊዝን ያዳረሰው ግን ዛፉ ራሱ ሳይሆን ሥዕሉ ነው። በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥቲቱና ባሏ ከነልጆቻቸው በዛፉ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። በ1850 አንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል ገልብጦ አተመው፤ ብቻ የንግሥቲቱን ዘውድና የአልበርትን ሪዝ አጠፋ። አሜሪካኖች ንጉሥ አንፈልግም ብለው ስለነበር ይሆናል። በ1882 የኤዲሰን ባልደረባ የሆነ ጆንሰን የሚባል ሰው ኒውዮርክ በሚገኘው ቤቱ 80 ትንንሽ አምፑል በዛፍ ላይ አበራ። ሻማው ቤት ያቃጥል ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጀርመን ደግሞ ደኑ ከመጎዳቱ የተነሣ በዚያው መቶ ዓመት የዝይ ላባ አረንጓዴ ቀለም ነክረው በሽቦ ላይ እየጠቀለሉ ሰው ሠራሽ ዛፍ ማበጀት ያዙ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ሱቅ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ፕላስቲክ የዚያ ላባ ልጅ ነው።

በአገራችን በኩል የዛፍ ታሪክ ሌላ መንገድ ሄደ። ምኒልክ ከአንኮበር ወጥተው እንጦጦ ሰፈሩ፤ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ለቤትና ለማገዶ የአካባቢው ጥድ አለቀ፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ከዚያም ከሜክሲኮና ከጓቲማላ ዝርያው የተገኘ ሌላ ዛፍ መጣ፤ ቶሎ የሚያድግ፣ ቀጥ ያለ፣ ሾጣጣ። ሕዝቡ የፈረንጅ ጥድ አለው። በአዲስ አበባ ከሚቆመው እውነተኛ የገና ዛፍ የሚበዛው እርሱ ነው። የሐበሻው ጥድ ጎረምሳ ሳለ እሾሃማ ቅጠል አለው፣ ሲያረጅ ቅርንጫፉ ይዘረጋል፤ ለካርድ ሥዕል የማይመች ዛፍ ነው።

የገና ዛፉ ራሱ በአዲስ አበባ መጀመሪያ የታየው በውጭ አገር ሰዎች ግቢ ቢሆን አያስገርምም፤ ጀርመን በ1897 ዓ.ም. ውል ተዋውላ ልዑክ አስቀምጣለች፣ ሌሎቹም ነበሩ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ጣርማ በርን ፈልፍሎ መንገድ አወጣ እንጂ በዛፍ ጉዳይ ለእኛ ብዙ አላተረፈም፤ የጣሊያን ገና ዋናው ግርግም ነው። ከነጻነት በኋላ በገና ሰሞን ተማሪዎች ቤተ መንግሥት እየተጠሩ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ስጦታ ይቀበሉ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ተበተኑ። ካርድ፣ ሲኒማና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀሪውን ሠሩ። የኛ ልጅ በረዶ ሳያይ በረዶ ያለበት ገና መሣል ቻለ።

በደርግ ዘመን የሆነው ያስቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ሄዱ፤ እግዚአብሔር የለም በሚባልበት አገር ያጌጠ ዛፍ በየአደባባዩ አገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቦልሼቪኮች ዛፉን የሃይማኖት ነው ብለው በ1920ዎቹ አጥፍተውት ነበር፣ በ1935 ማብቂያ ግን የአዲስ ዓመት ዛፍ ብለው ስም ቀይረው መለሱት። ዛፉም አንድ ሳምንት ዘግይቶ ያው ዛፍ ሆነ። በሌላ ጫፍ ደግሞ ቫቲካን በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዛፍ ያቆመችው በ1982 ነው፤ ከፖላንድ በመጡት ፖፕ በዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ዘመን። ብዙ ሰው ጥንታዊ የካቶሊክ ሥርዐት ይመስለዋል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ሁላችንም አይተናል። ዋሽንግተንና ሌላም ቦታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው ሲሉ በዓሉን ሁለት ጊዜ ያከብራሉ፤ በፈረንጁ ከዛፍ ጋር፣ በእኛው ከዶሮ ጋር። ለዕረፍት ሲመጡ ዛፉንም ይዘው መጡ። የቻይና ፋብሪካ ዋጋውን አወረደ። የባንኮችና የሆቴሎች አዳራሽ ያለ ዛፍ ባዶ መሰለ። ቀይ ካባ የለበሰው የገና አባትም በታኅሣሥ ፀሐይ እያላበው መርካቶ በር ላይ ቆመ።

መዘዞ ግን ገና የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ሲያበቃ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሰው ባናውን ደርቦ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ገብሱ ታጭዷል፣ አውድማ ላይ ይወቃል፣ ሜዳው ቢጫ ነው። እዚህ አረንጓዴ ዛፍ የሚያስደንቀው ሰው የለም፤ ባሕር ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሰው የሚያስበው ስለ ገና ጨዋታው ዱላ ነው። ለገና የሚሆን ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ መሆን አለበት። የተፈጥሮ ቁልምሙ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ እርጥብ እንጨት በእሳት ይሞቃል፣ ይቆለመማል፣ እስኪደርቅ ታስሮ ይቀመጣል። ቅርፊቱ ይላጥና በእጅ እስኪለሰልስ ይታሻል። ኳሷ፣ ሩሯ፣ ከእንጨት ተጠርባ ትድቦለቦላለች። ከበዓሉ ሳምንት በፊት ጀምሮ እረኞች በየመስኩ ሲለማመዱ ይሰማል።

በዕለቱ ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም ያገባና ያላገባ። ሩሯን እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ጫፍ ማድረስ ነው። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በትራቸውን አንሥተው ተጫወቱ፣ ጨዋታው ከዚያ መጣ ይላሉ ሽማግሌዎች። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢገፋ አይቆጡትም፤ የተሸነፈ ወገን በግጥም ሲሰደብ ይውላል፣ ማታ ግን ሁሉም ከአንድ እንስራ ጠላ ይቀዳል። የመንዝ በግ ይታረዳል፣ ድፎው ይቆረሳል። እዚህ በዓል ላይ የጎደለ ነገር አለ ብሎ ዛፍ ልጨምርበት የሚል ሰው ቢመጣ የት እንደሚያቆመው አላውቅም፤ ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞ በሰው ሞልቷል።

ይሁን እንጂ ዛፍ ማቆሙን እንደ ኃጢአት አላየውም። ልጆች ያሉት የከተማ ሰው ፕላስቲኩን ዘርግቶ አምፑል ቢያበራ ሃይማኖት አይናድም፤ ዳንሃወርም ተቆጥቶ ያመጣው ነገር የለም። የእኔ ነገር ከሴሌስታው መዝገብ ጋር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተተክቷል። የጥዱ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ወንዱና ሴቷም ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው፤ ሰማያዊ ፍሬዋን የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጌጥ የሚቆረጠው ለጋ ጥድ ሴት ከሆነ ስንት ዓመት ሊዘራ ይችል የነበረ ዘር አብሮ ይሄዳል። በደጋው ላይ ያሉት ትልልቅ ጥዶች ዛሬ የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በወፍ ዋሻ ገደል ነው።

በመዘዞም ሆነ በደብረ ብርሃን ለዘንድሮ ገና እውነተኛ ዛፍ ያማረው ሰው ካለ፣ የፈረንጁን ጥድ ተክሎ ከሚያሳድግ ገበሬ በገንዘቡ ይግዛ። የሐበሻውን ጥድ ለወፍ ዋሻና ለደብሩ ይተውለት፤ የቻለም ክረምት ሲገባ አንድ ችግኝ ይትከል።